ጎርፍ ሲመጣ የሚጠራው ስም

የመጀመሪያው ልምምድ ዕለት ሰዉ ሁሉ ወደ ወንዙ ሮጠ።

መሮጥ የነበረበት ወደ ጉብታው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ቆቦ ከተማ ሠልጥነን፣ ብርቱካናማ ሰደርያና የእጅ ድምፅ ማጉያ ተሰጥቶን፣ የመውጫውን መንገድ በኖራ አስምረን፣ ቤት ለቤት ዞረን «ድምፁን ስትሰሙ ልጆቻችሁንና ከብቶቻችሁን ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ» ብለን ነበር። ሁሉም «እሽ» ብሎናል። እኛ አገር «እሽ» ማለት እንግዳ መሸኛ መሆኑን እያወቅሁ፣ እዚያው ተወልጄ አድጌ፣ እዚያው ቀበሌ የግብርና ሠራተኛ ሆኜ እየሠራሁ፣ አመንኳቸው።

ማጉያውን አንስቼ «ጎርፍ መጣ! ጎርፍ መጣ!» ስል መንደሩ ከዳር እስከ ዳር ተነቃነቀ። ወንዱ አካፋና ዶማውን፣ ሴቱ ባዶ ማዳበሪያ ከረጢቱን እየያዘ ቁልቁል ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደ። አንድ ሰው እንኳ ወደ ጉብታው ዞር ብሎ አላየም። ሽርጡን ሸብ አድርጎ ከሁሉም ፊት የሚሮጠው ሽማግሌ አባቴ ነበር።

ከወረዳ የመጣው ባለሙያ በስልኩ ቪዲዮ እየቀረጸ «ተሳትፎው በጣም ደስ ይላል» አለኝ። አዲስ ሰው ነው፤ የቱ ላይ፣ የቱ ታች እንደሆነ ገና አልለየም። እኔ ግን ወንዙ ውስጥ አካፋ ተደግፎ የቆመውን ሕዝብ ሳይ ደሜ ፈላ። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። እየሮጥኩ ወርጄ በሰው ፊት አባቴ ላይ ጮህኩበት።

«አባዬ! ውጡ ተባለ እንጂ ግቡ ተባለ?»

አባቴ ሽቅብ የወንዙን መምጫ አየና «ጎርፉ የታለ?» አለኝ።

«የለም! ልምምድ ነው!»

«ከሌለ ምን ብለሽ ሰውን ከሥራው ፈታሽው?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ አሮጊት ከረጢቷን እያራገፈች «የመንግሥት ጎርፍ እንዲህ ነው፣ ወሬው ይቀድማል» አለች። ባለሙያው ሳቁንም ቀረጸው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ሰደርያዬን ወለሉ ላይ ወረወርኩት።

ለማያውቀው ልንገር። የራያ ቆላ ዝናቡን ብቻ ተማምኖ አያርስም። ዝናቡ የሚወርደው በስተምዕራብ ካለው ደጋ ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ጎርፍ ሆኖ ነው። ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የነበረው ወንዝ ድንገት ይሞላል። ያንን ውሃ በአፈር፣ በድንጋይና በእሾህ ቅርንጫፍ በተሠራ ክትር ጠልፎ፣ በቦይ መርቶ ማሳ ማጠጣት የአባት የአያት ሥራችን ነው። ከሮቢት እስከ ዋጃ ያለው ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሁለት ጎርፍ በወጉ የጠጣ መሬት ማሽላውን እስከ አጨዳ ያደርሰዋል፤ ያልጠጣው አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እኛ ዘንድ «ጎርፍ መጣ» ሲባል «እህል መጣ» እንደ ማለት ነው። እኔ ደግሞ በሦስት ቀን ሥልጠና ይህን ጩኸት «ሽሹ» ላደርገው ተነሳሁ።

አባቴ የውሃ አባት ነበር። የቦዩን አፍ የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ለላይኛውና ለታችኛው መንደር ተራ የሚሰጠው፣ ሲጣሉ የሚዳኘው የውሃ አባት ነው። ከወረዳ የሚመጣ ሹመት አይደለም፤ ሰዉ ራሱ የማያዳላ ያለውን መርጦ ያስቀምጠዋል። አባቴ ክትሩ አፍ ላይ ቆሞ አካፋውን ሳያነሳ ማንም ውሃ አይነካም። በጎርፍ ቀን መጀመሪያ ወንዝ የሚገባው፣ መጨረሻ የሚወጣውም እሱ ነው።

ጎርፉ ግን የድሮው አልሆነም። ድሮ በክረምት ደጋግሞ፣ በመጠኑ ይመጣ ነበር ይላሉ። አሁን ወይ ይቀራል፣ ወይ የቀረውን ሁሉ በአንድ ቀን ተሸክሞ፣ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይመጣል። ከዚያ ልምምድ ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ እንዲህ ያለው መጥቶ ጎረቤታችንን ወሰደው። የአባቴ ቀኝ እጅ ነበር፤ ክትሩን አብረው ነበር የሚሠሩት። አካፋውን እንደያዘ ነው የሄደው። አባቴ ከእሱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር።

እኛ የቀበሌ ሠራተኞች በማግሥቱ የጠፋውን ልንመዘግብ ወረድን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ያን ቀን እኛን ነበር። የሟቹ ሚስት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ደጋው ላይ ሲዘንብ ያየ ሰው አልነበረም?» ነበረ። የሚነግረን አልነበረም እንጂ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ ወንዝ ውስጥ እንዳይሞት። በየስብሰባው «ማኅበረሰቡ፣ ማኅበረሰቡ» እል ነበር፤ ውሸት አይደለም፣ እሱ ካልወጣ ማንም አይወጣምና። በልቤ ግን የማየው የእሱን ቀጫጭን እግሮች ነበር።

ከልምምዱ በኋላ አንድ ሳምንት አኮረፍኩት። በስምንተኛው ቀን ወደ ክትሩ ወረድኩ። ሰኔ ገብቷል፤ እሱ የእሾህ ቅርንጫፍ እየቆረጠ ይደረድራል። ሳያየኝ «ኩርፊያሽን ጨረስሽ?» አለኝ።

«አልጨረስኩም። ላስረዳህ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ላስረዳሽ። ጎርፍ መጣ ብለሽ ከወንዝ ሽሹ ማለት፣ ገበታ ቀረበ ብለሽ እጃችሁን ሰብስቡ ማለት ነው። ሰው ይስቅብሻል። ስቆብሻልም።»

«ጎርፉ የድሮው አይደለም እኮ አባዬ። አንተ ራስህ አይተኸዋል።»

ቅርንጫፉን አስቀመጠ። አሸዋው ላይ ተቀመጠና እጁ ላይ የገባችውን እሾህ በጥርሱ ነቀላት። ከዚያ የማላውቀውን ነገር ነገረኝ።

«ጎረቤታችንን የወሰደው ቀን የደጋውን ደመና አይቼዋለሁ። ጥቁር ነበር። ውጡ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ወላሂ። ግን ተራው የታችኛው መንደር ነበር። እኔ የላይኛው መንደር ሰው ነኝ። ውጡ ብላቸው ለወገኑ ውሃ ሊያስቀር ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩ።»

ሰውየውን ገድሎታል ብዬ አላሰብኩም፤ እሱ ግን እንደዚያ እያሰበ ሁለት ዓመት እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ። ማልቀስ ስለማልወድ ከአጠገቡ ተቀምጬ ድንጋይ ማቀበል ጀመርኩ።

«ውሃ ላይ ወንድም ወንድሙን አያምንም» አለኝ ቆይቶ። «የወጣ ሰው ተራው ያልፋል። ስለዚህ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይወጣም። ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። ስንተያይ ይደርሳል።»

«ሁሉንም በአንዴ የሚያስወጣ ነገር የለም?»

«አለ እንጂ፤ ሞት» አለና ሳቀ። «ቅሬ ሲጠራ ማን ወንዝ ውስጥ ይቀራል?»

እሱ ቀልዶ አልፏል። እኔ ድንጋዩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቅሬ ማለት እኛ ወሎ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ የኛ ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ የሚቀባበርበት ነው። ጠሪው ጡሩንባውን ነፍቶ የሟቹን ስም ሲጠራ ሞፈር የያዘ ሞፈሩን ይጥላል። ወንዱ አካፋውን ይዞ ወደ መቃብሩ ይወጣል፣ ሴቱ ወደ ለቅሶው ቤት ይሄዳል። የቦዩ አፍ ይዘጋል፣ ቀብሩ እስኪያልቅ ተራው ያለበት ይቆማል፤ ማንም ምንም አይጎድልበትም። በቀብር ሰዓት ማሳ ላይ የተገኘ ሰው የራሱ ቀን ሲደርስ የሚቆፍርለት አያገኝም። መቃብሩ ያለው ደግሞ የቁርቁራ ዛፎቹ ያሉበት ጉብታ ላይ ነው፤ እኔ ኖራ የጨረስኩበት ጉብታ።

«አባዬ፣ ቅሬውን ለጎርፍ እንጥራው» አልኩት።

«ሟርተኛ!» አለኝ። ግን ወዲያው ተነስቶ አልሄደም።

ቅሬው ሲሰበሰብ የደረሰብኝን ስድብ ሁሉ አልጽፈውም። ሬሳ በሌለበት ጡሩንባ ማስነፋት ሞትን ቤቱ ድረስ ሄዶ መጥራት ነው አሉኝ። የቅሬው ዳኛ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ እሳቸው እንኳ «ልጄ፣ ከተማ መዋል አበዛሽ» አሉኝ። ሰብስቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝና እንደለመደብኝ ጮህኩ። «ባለፈው ጎርፉ የወሰደውን ሰው ጡሩንባ ነፍታችሁ ፈለጋችሁት እኮ! ሦስት ቀን! በሕይወት እያለ ብትነፉለት ምን ነበረበት?»

ሼኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ነፍስ ማዳን ከሁሉ ይቀድማል፣ በዚህ በኩል ችግር የለውም» አሉ። ቄሱም «እንዴታ፣ እርሱስ ልክ ነው» አሉ። ያኔ ጠሪው ተነሳ። ረጅም፣ ድሮ የጭነት መኪና ረዳት የነበረ፣ ድምፁ እስከ ጎብዬ ከተማ ይሰማል የሚባልለት ሰው ነው።

«እሽ ልጥራ» አለ። «ግን ቅሬ ስም ይፈልጋል። ስም ካልጠራሁ ሰው ማነው ማነው እያለ ደጁ ላይ ቆሞ ይቀራል። ማንን ሞተ ልበል?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። የሌለ ሰው ስም ይፈጠር ያለም ነበር፤ ለማይታወቅ ሰው ማን ይነሳል ተብሎ ቀረ።

«የኔን ጥራ» አለ አባቴ።

ከተቀመጠበት አልተነሳም። «የውሃ አባት ከሞተ የቦዩን አፍ የሚከፍት የለም፤ ማንም ስለ ተራው አይሰጋም። የሞተ ተጎዳ ይላሉ፤ እኔ እንኳ ሞቼ ላትርፍ።»

የሳቀ የለም። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። ሐሳቡ የኔ ነው፣ የለመንኩትም እኔ ነኝ፤ ግን የአባቴ ስም ከ«ሞተ» ጋር እንዲጠራ አልነበረም የፈለግሁት። በሩ ላይ ቆሜ ለምን እንደዚያ እንዳለ ሳስብ፣ የሟቹ ጎረቤታችን ታላቅ ልጅ ከጉባኤው መሐል ተቀምጦ ትክ ብሎ ሲያየው አየሁት። ያን ጊዜ ገባኝ። አባቴ ዕዳውን እየከፈለ ነበር።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ለሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን ውሃ ስታቀርብለት «እኔስ? ጥሪውን ስሰማ ምን ልሁን?» አለችው።

«ሩጪ» አላት። «እዬዬሽን ጉብታው ላይ ትጨርሽዋለሽ።»

ከዚያ በኋላ ሥራ ነበር። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ሰኔና ሐምሌ ሠርቼ አላውቅም። በሎንችን አውቶቡስ ተሳፍሬ ደጋው ላይ ወጣሁና ወንዙ ከአፋፉ የሚታያት ሻይ የምታፈላ ሴት አገኘሁ። ውሃው ከመንገዱ ድልድይ ሥር ያለችውን ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ከሸፈናት እንድትደውልልኝ ተስማማን፤ ድንጋይዋን አብረን ሄደን በእጃችን ነካናት። ስልክ ባይሠራስ ብዬ ሁለተኛ ሰው ያዝኩ፣ ሁለተኛውም ባይሠራስ ብዬ ሦስተኛ። ወደ ጉብታው የሚወስደውን መንገድ የዘጋውን ቁልቋል ወጣቶቹ መነጠሩት። ለዘር የተቀመጠው ማሽላ ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ተዋጥቶ ጉብታው ላይ በተሠራ ጎተራ ገባ። ማየት ለተሳናቸው ሽማግሌ አህያ ተመደበላቸው፤ «እስከ ዛሬ በቅሎ አልጋለብኩም፣ እናንተ ደግሞ በአህያ ልትሾሙኝ ነው» እያሉ ቀለዱብን። ወላድ ያለችበት ቤት ሁሉ የሚሸከማት ሰው በስም ተነገረው። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል ቅጠሉን የሚያመጣው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መናገር እንደሚያስፈልግ ያን ክረምት ተማርኩ።

«ጎርፍ መጣ» የሚለውንም ጩኸት ለባለቤቱ መለስኩለት። ለደህናው ጎርፍ እንደ ድሮው አካፋ ይዘው ይወርዳሉ። ጡሩንባውና የአባቴ ስም ለክፉው ብቻ ነው። ማጉያዬን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ሐምሌ ላይ ሁለት ደህና ጎርፍ መጣ። አጠጡ፣ ተጨቃጨቁ፣ አባቴ ዳኝቶ አስታረቃቸው። ደስ ብሏቸው ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ እኔ ደስታቸውን ሳይ ይበልጥ ፈራሁ።

ነሐሴ አጋማሽ፣ ቀትር ላይ ሻይ የምታፈላዋ ሴት ደወለች። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም። «ድንጋይዋ የለችም» አለችኝ። «ድልድዩም አይታየኝም።»

ቀና ስል በኛ ሰማይ ላይ ጨርቅ የምታክል ደመና አልነበረችም። ወንዙ ውስጥ የታችኛው መንደር ሰዎች በማለዳው ትንሽ ጎርፍ የተሸረሸረውን ክትር ሊጠግኑ ወርደዋል፤ አባቴም አብሯቸው ነው። ጠሪው ቤት ድረስ የሮጥኩበትን መንገድ አላስታውሰውም። ጡሩንባውን ሦስት ጊዜ ነፋው። ከዚያ የአባቴን ስም ጠራና ጮኸ፦ «የውሃው አባት አርፈዋልና ውጡ! ውጡ!»

ሐሰት መሆኑን የማውቅ እኔ ነኝ። ያስጠራሁት እኔ ነኝ። ሆኖም መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እንደዚያ ይሆናል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ስነሳ መንደሩ ይወጣል። እናቴ ዶሮዎቿን በቅርጫት ይዛ እያለቀሰች ትወጣለች። አህያው ሽማግሌውን ይዞ ይወጣል። ከወንዙ ውስጥ ሰዎቹ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ማንም ማንንም ሳያይ፣ ሽቅብ ይወጣሉ። ቆጠርኳቸው። አንድ ጎደለ።

አባቴ የቦዩን አፍ እየዘጋ ነበር። ሕጉ ነው፤ ሰው ሲሞት የቦዩ አፍ ይዘጋል። ክፍት ትቼው ብወጣ አንዱ ተራዬ ነው ብሎ ይመለሳል ብሎ ነው፤ በኋላ እንደነገረኝ። አፋፉ ላይ ደርሼ ስጮህ አልሰማኝም። ከላይ ደግሞ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ መስማት ጀመርኩ። ወረድኩ። አሸዋው እግሬን እየያዘኝ ወረድኩና እጁን ይዤ ጎተትኩት።

«አባዬ፣ ውጣ!»

«አንድ ከረጢት ቀረኝ።»

«ሞተሃል እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «ሞተሃል! የሞተ ሰው ክትር አይዘጋም! ውጣ!»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ እዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት ሳቀ። አካፋውን እዚያው ጣለው፤ ሲጥለው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተያይዘን ወጣን። አፋፉ ላይ ወጥተን ብዙም ሳንሄድ ጎርፉ ግንድ እያንከባለለ ደረሰ፤ ክትሩንም፣ ቦዩንም፣ አካፋውንም፣ የታችኛውን መንደር ማሽላና ዳር ላይ የነበሩትን ቤቶች ጠራርጎ አለፈ።

ጉብታው ላይ ስንደርስ ሰዉ መንገድ ለቀቀልን። ከጎብዬ ልጇ ዘንድ ሰንብታ ትናንት የተመለሰች፣ ስለ ስምምነቱ ያልሰማች አንዲት አሮጊት ብቻ ነበረች ከልቧ ሙሾ የምታወርድለት። አባቴን ስታይ ሙሾዋን አቋርጣ በዘንጓ ጀርባውን መታችው። «አንተ እርጉም! እንባዬን መልስ!» አለችው። ያኔ ሁሉም በአንድ ላይ ሳቀ፤ ሲስቁም የሚያለቅሱ ነበሩ። የጎረቤታችን ልጅ መጥቶ አባቴ አጠገብ ተቀመጠና ወደ ጎርፉ አብረው ሲያዩ ቆዩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሰው አልሞተም። አንድም ሰው።

ውሃው እንደጎደለ አባቴ የመጀመሪያውን ድንጋይ ለአዲሱ ክትር አነሳ። ጉብታው ላይ ካለው ጎተራ ዘር ወጥቶ ለታችኛው መንደር ተሰጠ፤ ለማሽላ ጊዜው አልፎ ስለነበር ያተረፍነው ለከርሞ ቆየ፣ መሬቱ ላይ ሽምብራ ተዘራ። ከወረዳ መጥተው «እንዴት አደረጋችሁት?» ሲሉን ዳኛው «ሰው ሞቶብን ነበር» አሏቸው። ባለሙያው ግራ ገብቶት እንደነገሩት ጻፈ።

በየካቲት አባቴ ታመመ። ሳንባው ነው አሉን፤ ቆቦ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ቤቴ መልሱኝ ብሎ ተመለሰ። አንድ ጠዋት በአልጋው ላይ፣ እናቴ እጁን እንደያዘችው፣ አረፈ። ወንዝ ውስጥ አልነበረም። የለመንኩት ይህንኑ ነበር፤ አልሃምዱሊላህ አልኩ፤ ግን ልቤ አላመሰገነም፣ ተናዶ ነበር።

ለቅሬው ተላከ። ጡሩንባው ተነፋ፣ ስሙም ተጠራ። እናቴና እኔ ሬሳው አጠገብ ተቀምጠን ጎረቤት እስኪገባ ጠበቅን። ማንም አልመጣም። የእግር ኮቴ፣ የጥጃ ጩኸት፣ የሕፃን ልቅሶ ይሰማናል፤ በደጃችን ያልፋል እንጂ አይገባም። ብቅ ብዬ አየሁ። መንደሩ በሙሉ ልጁን አዝሎ፣ ዶሮውን በቅርጫት ይዞ፣ ጥጃውን እየነዳ ወደ ጉብታው ይወጣል። ሽማግሌው አህያቸው ላይ ናቸው። የካቲት ነው፤ ደጋውም ቆላውም ደረቅ ነው። እነሱ ግን ስሙን ሰምተዋል፣ ስሙን የሰማ ይወጣል፣ ያስተማርናቸው ይህንን ነው። ያን ያህል የተሳካልኝ ሥራ በሕይወቴ የለም፤ ያን ያህል የጠላሁትም የለም።

«ንገሪያቸው» አለችኝ እናቴ።

ጉብታውን ወጣሁ። ሁሉም ወንዙን ያያሉ። ዳኛው «ስንት ሰዓት ይደርሳል?» አሉኝ።

«ጎርፍ የለም» አልኩ። «ዛሬ እውነት ነው።»

ጥጃዎቹን እዚያው ለቀቋቸው። ወንዶቹ ይዘውት የወጡትን አካፋ ይዘው እዚያው፣ ከቁርቁራዎቹ ሥር፣ መቆፈር ጀመሩ። የመጀመሪያውን ዶማ ያሳረፈው የጎረቤታችን ልጅ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ቅሬው ተሰበሰበ። አዲሱ የውሃ አባት ተመርጧል፤ ትንንሽ ልጆች ያሉት ጎልማሳ ነው። ሚስቱ ከኋላው ቆማ የሸሚዙን ጫፍ ይዛለች። ዳኛው «ክረምቱ መጣ። ስም ያስፈልጋል» አሉ። በሞተ ሰው ስም ዳግም አይጠራም፤ የሕያው ስም ነው የሚያስፈልገው፣ ባለፈው ስሙ የተጠራው ዓመት ሳይሞላው መሞቱን ደግሞ ሁሉም አይቷል።

«የኔን» አልኩ።

እናቴ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችው። አንዱ «ሴት የውሃ አባት አይደለች፣ ተራውስ?» አለ። ዳኛው ቆጣ ብለው «ስሟ ሲጠራ የቦዩ አፍ ይዘጋል፣ ተራው ይቆማል፣ አለቀ» አሉት።

ጠሪው ለመለማመድ ጠጋ አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያንቺን ብቻ ልጥራ ወይስ ከነአባትሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ከነአባቴ» አልኩት። «የአባቴን ጮክ አድርገው።»